የቤቱ ታሪክ ባላባቱ ሲወጡ አላለቀም

ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ያለው የባላባት ቤት የእንግዳ ማረፊያ መሆኑ ጥሩ ነው። ጣሪያው ታደሰ፣ የወይራ ምሰሶዎቹም ተረፉ። ያንገበገበኝ ሰሞኑን ስለ በሩ የታሪክ ሰሌዳ የተወሰነው ነገር ነው። ታሪኩ እስከ 1966 ዓ.ም. ብቻ ይጻፍ ተባለ። አንድ ኃላፊ በስብሰባ ላይ ምክንያቱን ሲያስረዱ «የደርግ ወሬ እንግዳ ያሸሻል» አሉ።

የትኛውን እንግዳ? አዲስ አበባ የሚገባ የውጭ ጎብኚ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየምን ፈልጎ ይሄዳል እንጂ አይሸሽም። እሺ፣ 1966 ላይ እናቁም። 1960ስ የት ገባ? የሞጣና የደጋ ዳሞት ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ሲያምፅ ይህ ቤት የማን ወገን ነበር? በሰሌዳው ረቂቅ ላይ አንዲት መስመር የለችም። ጠጅና የግብር ድግስ ብቻ ነው የሞላው። ግብሩን ማን ተሸክሞ እንዳመጣ እንኳ አይናገርም።

የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት ሲወረስ ቤቱ ሰው አልባ አልሆነም። የገበሬ ማኅበር ጽሕፈት ቤት ሆነ፣ ቀጥሎ የእህል መጋዘን። ከ1971 በኋላ ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ክፍል። በእድሳቱ ጊዜ የጓዳው ልስን ሲፈረፈር በከሰል የተጻፈ ፊደል ብቅ አለ። «ሀ» ቀጥ ብላለች። «ሐ» ላይ ሲደርስ የጸሐፊው እጅ ተንቀጥቅጧል። ዕድሜ ልኩን በአውራ ጣቱ ሲፈርም የኖረ ገበሬ፣ ቀና ብሎ በማያልፍበት ግቢ፣ በባላባቱ ግድግዳ ላይ ፊደል ቆጠረ! እኔን ብትጠይቁኝ በዚያ ቤት ከዚህ የበለጠ ነገር ተደርጎ አያውቅም። ምን አደረጉት? ክሬም ቀለም ለቀለቁበት። ለአልጋ ክፍሉ ውበት ሲባል!

ደርግን አላወድስም። ከዚያው ግቢ ወጣቶች ለብሔራዊ ውትድርና ታፍሰው ሄደዋል፣ ያልተመለሱም አሉ። እሱም ይጻፍ። እናቶቻቸው እዚያው ሰፈር እያሉ «እንግዳ ይሸሻል» ብሎ መዝለል ነውር ነው።

ሰሌዳው ገና አልተሰቀለም። ቀለሙ በጥንቃቄ ይፋቅ፣ ፊደሉ ላይ መስታወት ይደረግበት። በዚያ ክፍል የተማሩ ሽማግሌዎች ዛሬም በየቤታቸው አሉ። ረቂቁ ይነበብላቸው፣ የጎደለውን እነሱ ይሙሉት።