ሪሞት የያዘ ሁሉ ዳኛ የሆነበት አገር

ፍረዱኝ! በፍልሰታዋ ይዣችኋለሁ ፍረዱኝ! እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ብስት እለፉኝ።

ጋሼን ታውቁታላችሁ። ቤቱንም ታውቁታላችሁ፤ ስም አልጠራም፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ኳስ ለማየት እዚያ ጭቃ ረግጦ የማያውቅ የለም። ያ ሰውዬ ዛሬ ጠዋት፣ ዓለም ሁሉ ራሱን ይዞ የጮኸበትን የኡስማንና የኤድዋርድስን የዩኤፍሲ ፍልሚያ፣ አምስተኛው ዙር ላይ፣ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይቀረው ቻናል ቀየረብኝ። ወደ ምን? ወደ አርሰናል። የትናንቱ አርሰናል! ድጋሚ! ትናንት ማታ እዚያው ቤት፣ እዚያው አግዳሚ ላይ ተጣበን በርንማውዝን 3 ለ 0 ሲያሸንፍ ያየነውን!

ይሄ ዩኤፍሲ የሚባል ነገር፣ ቡጢም ርግጫም ትግልም የተደባለቀበት የአሜሪካኖች ፍልሚያ፣ መቼም ለኛ አገር ሰው ታስቦ አልተሠራም። አሜሪካኖቹ ቅዳሜ ማታ እራታቸውን በልተው ሶፋ ላይ ሲዘረጉ እኛ ጋ እሁድ ሌሊት 11 ሰዓት ነው። የቻምፒዮንነት ቀበቶው ፍልሚያ እስኪደርስ ፀሐይ ወጥታለች፣ ያው ነሐሴ ነውና ወጥታም አትታይም። እሁድ ጠዋት ደግሞ ጎጃም ውስጥ ሰው የት እንደሚገኝ ይታወቃል። እናቴ ነጠላዋን፣ እኔ ጃኬቴን ተከናንበን ባንድ በር፣ ባንድ ዝናብ ወጣን። ነሐሴ 15፣ 2014፣ የጾሙ የመጨረሻ ቀን። «አንተስ ወዴት ነህ?» አለችኝ። «ኧረ እዚህ ድረስ ነኝ።» «በዚህ ቀን ሰው ሲደማ ልታይ?» ብላ አማትባ ሄደች። እርግማን አልነበረም፣ ግን እንደ እርግማን ሠርቷል።

ቤቱ ጢም ብሏል። ሁሉም ኡስማን። ሁሉም! ቻምፒዮኑ ካማሩ ኡስማን አፍሪካዊ ነው፣ ናይጄሪያ የተወለደ ነው፣ ዩኤፍሲ ውስጥ 15 ጊዜ ተፋልሞ አንዴም አልተሸነፈም፣ ዛሬ ካሸነፈ የአንደርሰን ሲልቫን የ16 ተከታታይ ድል ሪከርድ ይስተካከላል። ይሄን ሁሉ እኔም አውቃለሁ፤ ለነሱ የነገርኳቸውም እኔ ነኝ! እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ ኤድዋርድስ ነው ስል ከረምኩ። ሊዮን ኤድዋርድስ በፈረንጆቹ 2015 ራሱ ኡስማን በነጥብ ካሸነፈው ወዲህ ሽንፈት አይቶ የማያውቅ ሰው ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ ያቺን ሽንፈት ሲያመነዥክ የኖረ ሰው ባዶ እጁን አይመጣም ብዬ ነው። በቃ፣ ከዳተኛ ተባልኩ። «አንተ አፍሪካዊ አይደለህም?» አለኝ ባለ ባጃጁ። ሌላው ከኋላ ተነስቶ «እንግሊዝ መቅደላ ላይ ያደረገችውን ረስተህ ነው?» አይለኝም! ወንድሜ፣ አፄ ቴዎድሮስ ላይ የዘመተው ኤድዋርድስ ነው እንዴ? ሰውየው በርሚንግሃም ቢኖርም የተወለደው ጃማይካ፣ ኪንግስተን ነው። ጃንሆይ በ1958 ሲወርዱ ሕዝቡ አውሮፕላኑን የከበበበት አገር! ሻሸመኔ ቢመጣ ዘመድ አያጣም። ይሄን ሳስረዳ ሰዓት ፈጀሁ፤ ሰሚ የለም።

ውርርዱ እንዲህ ነው። ነገ ጾሙ ይፈታል አይደል? የተሸነፈ ለፍስኩ አንድ ኪሎ ሥጋ ይገዛል። ያንን ረጅሙን ልጅ ታውቁታላችሁ፣ ነገር ሁሉ በግጥም ካልሆነ የማይጥመው፣ ከሱ ጋር ነው የተወራረድኩት። የሁለታችንም ብር ባለ ባጃጁ እጅ ገባ። ይቺን ያዙልኝ፣ ትመጣለች።

ከዋናው ፍልሚያ በፊት ስለነበረው ስለ አልዶ አታንሱብኝ። ሆዜ አልዶን ዳኞች ናቸው የበሉት። ያ ጆርጂያዊ ሜራብ ሦስት ዙር ሙሉ የሚፋለሙበት ሜዳ የታጠረበት አጥር ላይ አጣብቆ ይዞት ሊጥለው ታገለ፣ ታገለ፣ አንዴ እንኳ አልጣለውም፤ ነጥቡን ግን ሰጡት። አቅፎ መቆም የሚያሸልም ከሆነማ መናኸሪያ ያለው ሸኚ ሁሉ ቻምፒዮን ነው። የገረመኝ ግን ቤቱ ነው። ጎጃም ውስጥ ከብት ጠብቆ ያደገ ወንድ ሁሉ በትግል ያላወላለቀው ጓደኛ የለም፤ እግር መጥለፍ ማን ያስተምረናል? ፈረንጅ ሲታገል ግን «ይፋቱ! ይፋቱ!» እያለ ይጮሃል። መሬት ላይ የሚደረገው ጨዋታ ግማሹ ጥበብ መሆኑን ስነግራቸው ጋሼ «አንተ ዝም በል፣ ድምፁን አጠፋዋለሁ» አለኝ። ማስጠንቀቂያውን ያኔ መስማት ነበረብኝ እኮ።

ሮክሆልድና ኮስታ ግን አይረሱኝም። ሮክሆልድ የድሮ ቻምፒዮን ነው፣ ከሦስት ዓመት በኋላ መመለሱ ነው፤ ትንፋሹ አልቆ እጁን ጉልበቱ ላይ ደግፎ ቆሞ ያልቃል፣ ከዚያ ደግሞ ከየት እንዳመጣው ሳይታወቅ ይመታል። መጨረሻ ላይ ኮስታ ላይ ተኝቶበት በደም የራሰ አፍንጫውን የሰውየው ፊት ላይ እንደ ቅቤ ቀባው። ጾሙን ይዞ የመጣ አንድ ሽማግሌ ተነስተው ወጡ። ሮክሆልድ በነጥብ ተሸንፎ እዚያው እያለቀሰ ተሰናበተ፤ እኔም ዓይኔ ረጥቦ ነበር፣ ጭስ ነው አልኩ። ኮሜንታተሮቹ ከፍታው፣ ከፍታው ይላሉ። ሶልት ሌክ ሲቲ ወደ 1,300 ሜትር ነው አሉ! እኛ እኮ ከ2,400 በላይ ላይ ቁጭ ብለን ነው የምናያችሁ። ጮቄ ላይ አጥር ይተከልና እንተያይ።

ወደ ቁስሌ ልግባ።

አንደኛው ዙር ላይ ኤድዋርድስ ኡስማንን ጣለው። ዩኤፍሲ ውስጥ አንድም ሰው ጥሎት የማያውቀውን ኡስማንን! ላዩ ላይ ወጣ፣ ከዚያ ጀርባውን ያዘ። እኔ ወንበር ላይ ቆሜያለሁ፤ ጋሼ «ውረድ፣ ትሰብረዋለህ» ይላል። ቤቱ ጭጭ። ያቺ አምስት ደቂቃ የዚህ ዓመት ደስታዬ ነች። ከዚያ ሁለተኛው መጣ፣ ሦስተኛው መጣ፣ አራተኛው መጣ፣ ኡስማን ኡስማን ሆነ። አጥር ላይ ያጣብቀዋል፣ ይጥለዋል፣ ይደበድበዋል። ኤድዋርድስ ፊቱ ላይ ነፍስ የለም። ኮሜንታተሮቹ ሳይቀሩ ሰውየው ከውስጡ ተሰብሯል አሉ። ረጅሙ ልጅ ተነሳና እጁን ዘርግቶ፦

«ኤድዋርድስ ኤድዋርድስ ሲል እየከረመ፣
አገር ሁሉ ፈስኮ እሱ ብቻ ጾመ!»

ቤቱ ፈረሰ። ግጥሟ ጥሩ ናት፣ አልዋሽም። እሷ ናት ይበልጥ ያቃጠለችኝ።

አምስተኛው ዙር ተጀመረ። እኔ ከስክሪኑ ጥግ ካለችው ሰዓት ላይ ዓይኔን አልነቀልኩም። ምክንያት አለኝ! ኡስማን ራሱ በፈረንጆቹ 2019 ኮልቢ ኮቪንግተንን በቡጢ ያሸነፈው አምስተኛው ዙር 4 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ላይ ነው፤ ልትደወል 50 ሰከንድ ሲቀራት። ኤድዋርድስም አምና ኔት ዲያዝን አራት ዙር ሲቀጠቅጥ ቆይቶ የመጨረሻዋ ደቂቃ ላይ አንድ ቡጢ ቀምሶ ሊወድቅ ነበር። እነዚህ ሁለቱ የመጨረሻዋ ደቂቃ ምን እንደምታመጣ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ይሄን ልናገር አፌን ስከፍት ጋሼ ከባንኮኒው ኋላ ሪሞቱን አነሳ። ያቺን በፌስታል የተጠቀለለች፣ ባትሪዋ በፕላስተር የታሰረች ሪሞት። ጠቅ። አረንጓዴ ሜዳ።

«ጋሼ! ምነው?»
«አለቀ እኮ።»
«አላለቀም! ደቂቃ ይቀረዋል!»
«በነጥብ በልቶታል። ከጠዋት ጀምሮ ሲደበደብ እያየህ አይደል?»
«የመጀመሪያውን ዙር ኤድዋርድስ ነው የወሰደው!»
«ሦስቱንስ ማን ወሰደው? ከአምስት ሦስት አይበልጥም? ትምህርት ቤት የላኩህ ምን ልትማር ነው?»

ሳቅ። ቀጠልኩ፣ ለመንኩ፣ በሰው ፊት ለመንኩ! «ጋሼ በሞቴ፣ አንድ ደቂቃ ተኩል ብቻ። ከፍዬ ነው የገባሁት።»

«ከፍዬ?» አለና መሳቢያውን ከፈተ። ቀስ ብሎ ፈለገ፣ አልቸኮለም። ሁለት ባለ አንድ ብር ሳንቲም አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አንድ በአንድ አንከባለለልኝ። «ይኸው። የቀረችው ደቂቃህ ሒሳብ።»

አንደኛዋ ሳንቲም ባንኮኒው ጫፍ ደርሳ ወደቀች። ጭቃው ላይ። ማንም አላነሳትም፣ እኔም አላነሳኋት፣ ሁሉም ግን ሲያያት ነበር። ባለ ባጃጁ ብሩን ቆጥሮ ለረጅሙ ሰጠው።

ሌላው ይቅር፣ ጄኔሬተር ነው እኮ የሚሠራው! መብራት ከሌሊት ጀምሮ የለም። «ቤንዚን ተወዷል» ብሎ በየሰዉ 5 ብር ጭማሪ ሰብስቧል። ለኔ ደቂቃ ተኩል የጠፋው ቤንዚን ለአርሰናል 90 ደቂቃ ከየት መጣ? «ዘንድሮ ዋንጫው የኛ ነው» ይላል ደግሞ። ሦስት ጨዋታ አሸንፎ! ይኸው ጽፌዋለሁ፣ ግንቦት ላይ እንገናኝ።

ልማዱ ነው እኮ። ሚያዝያ ላይ የሪያልና የሲቲን ጨዋታ 88ኛው ደቂቃ ላይ «ሲቲ አልፏል፣ ቤቴን ልዝጋ፣ መሽቷል» ብሎ አባረረን። የሪያሉ ሮድሪጎ 90ኛው ላይ አገባ፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ደገመ፤ እኛ በጨለማ ጭቃ እየዘለልን ነበር፣ ጩኸቱን ከሰው ቤት ነው የሰማነው። ያን ጊዜ ይቅርታ ጠየቀ? «እኔ ምን አውቃለሁ» አለ። ይሄ አገር ሁሉም እንዲህ ነው። ባለፈው አንድ ቢሮ ሦስት ሰዓት ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ ልጅቷ ዓይኔን እያየች መስኮቷን ዘጋች፤ «ሲስተም የለም»። ሲስተሙ ከኔ ፊት ለነበረው ሰውዬ ነበረ! ለኔ ሲሆን ነው የሚጠፋው።

ወጣሁ። ዝናብ። ቤቴ ሳልደርስ ኔትወርክ መጣች፣ ቴሌግራም ጮኸ፣ አንድ ቪዲዮ። ከፈትኩት። እየተጫነ... እየተጫነ... እየተጫነ... በአንድ ሱቅ ቆርቆሮ ሥር ተጠልዬ ቆሜያለሁ። ኤድዋርድስ በግራ እጁ ሊመታ እንደመጣ አስመሰለ፤ ኡስማን እጁን አንስቶ ዘንበል ሲል ያቺ ግራ እግር ጭንቅላቱን እዚያው ጠበቀችው። ሰውየው በጀርባው ተዘረረ፤ ዓይኑ ክፍት ነው፣ ሰው ግን የለበትም። አምስተኛው ዙር፣ 4 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ። 56 ሰከንድ ሲቀረው! ጋሼ አንድ ደቂቃ ታግሦ ቢሆን ኖሮ! ኤድዋርድስ እያለቀሰ «አይችልም ስትሉኝ ነበር፣ አሁን እዩኝ» እያለ ይጮሃል። ከሱ ጋር ጮህኩ። ባለ ሱቋ «ምን ሆንክ ልጄ? ሰው ሞተ?» አለችኝ።

እየሮጥኩ ተመለስኩ። ስልኬን ለጋሼ፣ ለረጅሙ፣ ለባለ ባጃጁ አሳየሁ። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ጋሼ «ኤዲት ነው» አለ። ኤዲት! ረጅሙ ደግሞ «ውርርዱ ባየነው ነው፣ በቴሌግራም አልተወራረድንም» አለኝ። ባለ ባጃጁ ዓይኑን ከአርሰናሉ ኦዴጋርድ ላይ አላነሳም። ያቺ ሳንቲም እንኳ ከወደቀችበት የለችም፣ አንዱ አንስቷታል።

ቤት ስገባ እናቴ ከቅዳሴ ተመልሳለች። ሁሉንም ነገርኳት፣ ፍርድ ካገኘሁ ብዬ። ሰማችኝ፣ ሰማችኝና «ልጄ፣ አንተስ አንድ ቀን ቅዳሴ ሳያልቅ ሳትወጣ ቀርተህ ታውቃለህ?» ብላኝ ወደ ሽሮዋ ዞረች። እሺ፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው! ቅዳሴ ላይ የተወራረደ የለም!

ረጅሙ ይሄን ካነበብክ፦ የራሴም ያንተም ብር ነው የምፈልገው፣ ሥጋውን ነገ ከእናቴ ጋር ነው የምበላው፣ ግጥም አትላክብኝ። ባለ ባጃጁ፦ ዳኛ ከሆንክ እንደ ዳኛ ሁን። መቅደላ ያልከው ልጅ፣ ስምህን አላውቅም፣ አንተንም አልረሳሁህም።

ስልኬ 6 ፐርሰንት ነው። መብራት እስካሁን የለም። ሰፈር ውስጥ ቻርጅ የሚደረገው ጋሼ ጋ ብቻ ነው፣ 10 ብር። አልሄድም።

5 ፐርሰንት።

እሺ እሄዳለሁ፣ አርሰናልን ግን አላይለትም፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የምቀመጠው።