እምቦጩን ነቅለን ደንገሉን ቀበርነው

የባሕር ዳር ወገኖቼ፣ ባለፈው ሚያዝያ በጣና ዳር ያየሁትን ይቅር ለማለት ሞክሬ አቅቶኛል፤ እናንተንም ራሴንም።

ልጄ ታንኳ ሲሠራ አይቶ ስለማያውቅ፣ ዕድሜያቸውን በዚሁ ሙያ የጨረሱ አንድ ሽማግሌ ታንኳ የሚሠራበትን ረጅም የውሃ ዳር ተክል፣ ደንገልን፣ ሲቆርጡ እንዲያይ ይዤው ሄድሁ። ሽማግሌው ማጭዳቸውንና ገመዳቸውን ይዘው፣ አምና ከቁመታቸው በላይ የሆነ ደንገል ወደ ቆረጡበት ስፍራ መሩን። ስንደርስ ደንገሉ የለም። ግማሹ ተቃጥሎ ጉቶው ከስሏል፤ ግማሹ ገልባጭ መኪና ባመጣው የግንባታ ፍርስራሽ ተደፍኗል። በክምሩና በሐይቁ መካከል ተቆርጣ በቀረች አንዲት ኩሬ ውስጥ የጣት ቁመት እንኳ የሌላቸው ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ግልገሎች አፋቸውን ወደ ላይ አንጋጠው ያለከልካሉ። ልጄ በመዳፉ እየጨለፈ ወደ ሐይቁ ሊያሻግራቸው ሲሮጥ፣ መንገድ ላይ ውሃው በጣቶቹ መካከል እየፈሰሰ አለቀበት። ሽማግሌው ብዙ ቆመው ካዩ በኋላ ገመዱን መልሰው ትከሻቸው ላይ ጣሉና «ልጁ ደክሞታል፤ እንመለስ» አሉኝ። ሌላ ቃል አልወጣቸውም።

ልጄ ግን ከክምሩ ላይ አንድ ሰማያዊ የሴራሚክ ስባሪ አንሥቶ «አባዬ፣ ይሄ የእኛ መታጠቢያ ቤት አይደል?» አለኝ። የእኛው ነበር። ቤቴን ሳሳድስ ፍርስራሹን ለሚያነሣው ሹፌር ዋጋ ተከራክሬ ከፍዬዋለሁ፤ የት እንደሚደፋው ግን አልጠየቅሁም። ያልጠየቅሁት ባላስብበት አልነበረም፤ መልሱን ብሰማ ዋጋው ይጨምርብኛል ብዬ ነው።

ከሐይቁ ዳር ተቀምጠን የተጠበሰ ዓሣ የምንበላ ሁላችን፣ ቆሮሶ የሚራባው ሣርና ደንገል በሸፈነው ጥልቀት በሌለው ውሃ መሆኑን፣ አምባዛ የሚባለው ዓሣም ክረምት ሲገባ ወደተጥለቀለቀው ረግረግ እንደሚወጣ ማወቅ አቅቶናል? ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ከየእርሻው ያጠቡትን አፈር ተሸክመው ሲመጡ፣ የጎርፉን ጉልበት ሰብሮ ደለሉን የሚያስቀረው በየዳርቻው የቆመው ይህ ተክል ነው። ጥልቅ ስፍራው እንኳ 14 ሜትር ገደማ ብቻ የሆነ ሐይቅ ያን ሁሉ ደለል የሚሸሽግበት ጓዳ የለውም። በጣና ዳር ለሚኖረው የነገደ ወይጦ ሕዝብ ደግሞ ደንገል ጀልባም፣ እንጀራም፣ ስምም ነበር። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናን በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ሲመዘግብ አጨብጭበናል፤ ጭብጨባው ግን አንዲት ገልባጭ መኪና አላስቆመም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ሰነፎች አለመሆናችን ነው። ከደቡብ አሜሪካ የፈለሰው እምቦጭ ሐይቁን ሲወር አገር ተነሥቷል፤ በ2010 ዓ.ም. ከኦሮሚያ የመጡ ወጣቶች በኦሮምኛ «ጣና ኬኛ» («ጣና የእኛ») ብለው አረሙን በእጃቸው ነቅለዋል። ለባዕዱ አረም ያን ያህል ከተቆጣን፣ የገዛ ደንገላችንን በሌሊት ስንቀብር ቁጣችን የት ሄደ? መልሱን አውቀዋለሁ። እምቦጭ ባለቤት የለውም፤ ፍርስራሹ ግን የጎረቤታችን፣ የዘመዳችን፣ የእኔ ነው።

ሽማግሌው ሥሩ ከታች ካልሞተ ደንገል ይመለሳል ይላሉ። እርግጠኛ ሆነው ይሁን እኔን ለማጽናናት፣ አልገባኝም። ክረምቱ ሳይገባ፣ በመጪው ቅዳሜ ጠዋት አካፋ ይዤ ወደዚያ እወርዳለሁ፤ ፍርስራሹን የምጭንበትንም መኪና፣ የሚደፋበትንም ቦታ በዚህ ጊዜ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ከእናንተ መካከል ሁለት ሰው ቢመጣ ደስ ይለኛል፤ ባይመጣም አልገረምም፣ እኔም አምና አልመጣሁምና። ልጄ ሰማያዊዋን ስባሪ መስኮቱ ላይ አስቀምጧታል። ጣላት ልለው አፌን ከፍቼ ስንት ጊዜ ዘጋሁት።