ሆዱ የተቦረቦረውን ወይራ ተዉልን

ኮምቦልቻ ሆኖ ቀና ያለ ሰው የየጎፍን ተራራ ያያል። ከሩቅ አረንጓዴ ስለሆነ «ተመስገን፣ ደኑ አለ» እንላለን። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ አረንጓዴ ውስጥ ስንት ሽማግሌ ዛፍ ቀረ የሚለው ነው።

ባለፈው ክረምት ደቡብ ወሎ ውስጥ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ፣ ግማሹ የደረቀ ወይራ አየሁ። ግንዱ ተቦርቡሮ ክንድ ያስገባል። ከሥሩ የወይራ ፍሬ ተበትኗል፤ አንስቼ ሳየው እያንዳንዱ በጎኑ ተፈልፍሏል።

«ማን በላው አባ?» አልኳቸው ቄሱን።

«የዛፍ አይጥ ናት ልጄ። ማታ ማታ ትወጣለች።» ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ዛፉ ግን ደርቋል፣ ለማገዶ ይሁን እየተባለ ነው» አሉኝ።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ደረቅ ዛፍ ለእኛ የሞተ ነው። ለዛፍ አይጥ፣ ለጉጉት፣ ለንብ ግን ቤት የሚሆነው ያኔ ነው። ጽድ ወይም ወይራ እንዲህ እስኪቦረቦር የብዙ ሰው ዕድሜ ይፈጃል። ባህር ዛፍማ በጥቂት ዓመት ስለሚቆረጥ ዕድሉን አያገኝም። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ተራሮቻችን ላይ ብዙ ተተክሏል፤ ከ2011 ወዲህም በአረንጓዴ አሻራ እየተከልን ነው። ደስ ይላል፣ እኔም ተክያለሁ። ግን የዘንድሮ ችግኝ ጎጆ የሚሆነው ለልጅ ልጆቻችን ዘመን ነው። እስከዚያ አይጧ የት ትደር?

«ለአይጥ ደግሞ!» የሚል አይጠፋም። ይቺ ጎተራ የምትገለብጠዋ አይደለችም። አሜሪካ፣ ኦሪጎን ውስጥ የጥድ ዓይነት ዛፍ ላይ ተወልዳ፣ ቅጠሉን በልታ የምትኖር ቀይ የዛፍ አይጥ አለች። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1994 በወጣው የደን ዕቅድ፣ በመንግሥት ደን ውስጥ ዛፍ ከመቆረጡ በፊት ጎጆዋ መኖር አለመኖሩ እንዲታይ ታዟል። ለአንዲት አይጥ ቀና ብለው ያያሉ ማለት ነው።

እኛ ያን ያህል ወጪ አያስፈልገንም። አንድ ባልዲ ቀለም ይበቃል። የደን ጠባቂዎችና የሰበካ ጉባኤዎች የተቦረቦሩትን ዛፎች ቀለም ቀብተው «አይነካም» ይበሉ። ማገዶ የቸገራት እናት ላይ አልፈርድም፤ ደረቁን ቅርንጫፍ ትውሰድ። ግንዱ ብቻ ይቁም፣ የወደቀም ከሆነ እዚያው ይበስብስ።

የዚያ ወይራ ጉዳይ ገና አልተወሰነም ብለውኛል አባ። ያ ወይራ ያለበት ሰበካ ይህን ካነበበ፣ እባካችሁ መጥረቢያውን ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ምሽት ከሥሩ ተቀመጡ።