ኮከቧን ያስከበራት ባለታክሲው ነው

ኤ-ክላስ ለጊዜው ተርፋለች። መርሰዲስ ቤንዝ ይህችን ትንሽ መኪናውን ከገበያ ሊያወጣት ቆርጦ ነበር። በኋላ ግን እስከ 2028 ዕድሜ ጨመረላት (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ጀርመን ግን አትቆይም። ከራሽታት ፋብሪካ ተነቅላ ሃንጋሪ፣ ኬችኬሜት ከተማ እንድትመረት ተወስኗል።

ከውሳኔው በላይ ያበሸቀኝ የኩባንያው የቅንጦት መንገድ ደጋፊዎች ማብራሪያ ነው። "መርሰዲስ ከጥንትም የሀብታም መኪና ነው። ስሙን ያበላሸው ርካሽ ሞዴል ነው። አሁን ወደ ተፈጥሮው እየተመለሰ ነው" ይሉናል። አንዳንዶቹማ ኤ-ክላስ ዕድሜ ማግኘቷን እንደ ድክመት ቆጥረውታል። ኩባንያው በቅንጦት መንገዱ እንዲገፋበት ይመክራሉ።

ወሬው ከሰማይ አልወረደም። በ2022 ዋና ሥራ አስፈጻሚው ኦላ ካሌኒየስ አዲስ ስትራቴጂ ይዘው ብቅ አሉ። የመግቢያ ሞዴሎቹ ከሰባት ወደ አራት እንዲወርዱ ተባለ። ከኢንቨስትመንቱ ከ75 በመቶ በላይ የሚሆነው ወደ መካከለኞቹና ወደ ውዶቹ እንዲዞር ተባለ። ሞዴሎቹ በሦስት ምድብ ተከፈሉ፤ የሦስቱም ስም ቅንጦት ነው። የታችኛው እንኳ "የመግቢያ ቅንጦት" ተብሏል። 136 ዓመት መኪና የሠራ ቤት ራሱን ወስዶ ከሽቶና ከእጅ ቦርሳ ሻጮች ጎን አሰለፈ።

ደጋፊዎቹ የሚመዟት አንዲት ማስረጃ አለቻቸው፤ ኤሚል የሊኔክ። መርሰዲስ የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነጋዴ ሴት ልጅ ነው። ሰውየው ፈረንሳይ፣ ኒስ ከተማ ከባሮንና ከባንክ ባለቤት ጋር የሚውል ሀብታም ነበር። ስለዚህ ቅንጦት በኩባንያው ደም ውስጥ አለ ነው ነገሩ።

ከዚህ የደከመ ክርክር ሰምቼ አላውቅም። የሊኔክ በ1900 በ550,000 የወርቅ ማርክ 36 መኪና ሲያዝ ለስላሳ ወንበርና ጌጣጌጥ አልጠየቀም። በዚያው ዓመት ዊልሄልም ባወር የተባለ የዳይምለር (መኪናዋን የሚሠራው የያኔው ኩባንያ) ሹፌር በኒስና ላ ቱርቢ የዳገት ውድድር ላይ ተጋጭቶ ሞቷል። መኪናዋ ቁመቷ ረጅም፣ እግሯ አጭር ነበር። ኩርባ ላይ አትታመንም። የሊኔክ የፈለገው ዝቅ ያለች፣ ረዘምና ሰፋ ያለች፣ መሬት የምትቆነጥጥ መኪና ነው። የዳይምለር መሐንዲስ ዊልሄልም ማይባክ ባለ 35 ፈረስ ጉልበቷን ሠራለት። ሻንሲዋ በማሽን ተጨምቆ ቅርጽ ከያዘ ብረት ተሠራ። ራዲያተሯ ቀዳዳው እንደ ማር እንጀራ የተደረደረ አዲስ ዓይነት ሆነ። በ1901 ኒስ ላይ ተወዳዳሪዎቿን ጠራርጋ ሄደች። ባሮኖቹ የተንጋጉት ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ጥሩ መኪና ሆነች፤ ክብሩ ተከትሏት መጣ። ስቱትጋርት የተቀመጡት የኩባንያው አለቆች ይህን ቅደም ተከተል ገልብጠው ነው የያዙት።

የግርማ ታሪክ ብቻ የሚፈልግ ካለ፣ እሱም አለ። 770 የተባለውን ግዙፍ መርሰዲስ የናዚ መሪዎች ቆመው ሰላምታ ይቀበሉበት ነበር። በ1944 በዳይምለር ቤንዝ ከሚሠራው ሰው ግማሽ የሚጠጋው በግዳጅ የመጣ ነው። ይህን ኩባንያው ራሱ አምኗል። በዚያ ዘመን ማንም የሚኮራበት ነገር የለም።

የምንኮራበትን መርሰዲስ ታክሲ ተራው ላይ ነው የምናገኘው። ቤንዝ በ1895 አውቶቡስ አሠማራ። ዳይምለር በ1896 የጭነት መኪና ሸጠ። በ1897 ፍሪድሪክ ግራይነር የተባለ የስቱትጋርት የጋሪ ባለንብረት በዳይምለር መኪና የሞተር ታክሲ ሥራ ጀመረ። ይህ ሁሉ የሆነው የየሊኔክ ልጅ ስም መኪና ላይ ከመለጠፉ በፊት ነው። በ1936 ደግሞ 260 ዲ መጣች፤ በብዛት ተመርተው ለገበያ ከቀረቡት የናፍጣ የቤት መኪኖች ግንባር ቀደሟ። ማን ተሻማት? ባለታክሲዎች። ናፍጣ ርካሽ ነው፤ ሞተሩም ቻይ ነው።

ከዚያ ደብሊው 123 የተባለችው ሞዴል መጣች። ከ1976 እስከ 1986 ወደ 2.7 ሚሊዮን የሚጠጋ ተሸጣለች። ይህችን መኪና ያላየ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። አዲስ አበባ ላይ ዛሬም ኮፈኗ ተከፍቶ ታያታላችሁ። ፍራንክፈርትና ሙኒክ ታክሲ የነዱ ወገኖቻችን በዝሆን ጥርስ ቀለሟ ያውቋታል። የናፍጣዋ 240 ዲ ስትወጣ ጉልበቷ 65 ፈረስ ብቻ ነበር። ዳገት ላይ ታዛጋለች። ግን ሰው ወረፋ ይዞ ይጠብቃት ነበር። ጥቂት የተነዳችው ወዲያው ስለምትገኝ ከአዲሷ ዋጋ በላይ የተሸጠችበት ጊዜ አለ። ይህን ያመጣው የወንበሩ ቆዳ አይደለም። ብዙዎቹ ቆዳ የሚባል ነገር አልነበራቸውም፤ ወንበራቸው በእርጥብ ጨርቅ የሚጸዳ ፕላስቲክ ነው።

ኮፈኗን ቀረብ ብለን እንየው። እንደማንኛውም መኪና ከከፈታችሁት በኋላ፣ ማጠፊያው ላይ ያለችውን መያዣ ስትለቁ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ይቆማል። ሙሉ ዘጠና ዲግሪ። መካኒኩ ራሱን ሳይመታ፣ ብርሃን ሳይጋረድበት፣ በሁለቱም በኩል ገብቶ ይሠራል። ሞተር ማውረድ ቢፈልግ ኮፈኑን መፍታት ላይጠበቅበት ይችላል። አንድ መሐንዲስ ወረቀቱ ላይ አቀርቅሮ መኪናዋን ስለሚጠግነው ሰው አስቦ ነበር። ያ ሰው ካርቱም ይሁን ተሰሎንቄ አያውቅም። ግን አሰበለት።

አሁን ወደ ኢኪውኤስ እንምጣ፤ የቅንጦት ስትራቴጂው ኩራት ወደሆነችው የኤሌክትሪክ መኪና። የኢኪውኤስን ኮፈን ባለቤቷ እንዲከፍተው አልተሠራም። ለሰርቪስ ቤት ብቻ ነው። የመስታወት ማጠቢያ ውሃ የሚጨመረው ጎኗ ላይ ባለች ትንሽ መክፈቻ ነው። መቶ ሺህ ዩሮ ከፍለህ የገዛኸውን መኪና ኮፈን እንዳትነካ! ይህን "ምቾት ነው" ብሎ የሚከራከረኝ ሰው አጋጥሞኛል። ለኔ ንቀት ነው። ከባለቤቱም ከመካኒኩም የተነጠቀ መኪና ነው።

ተሰሎንቄ ያልኩት በከንቱ አይደለም። የዚያ የግሪክ ከተማ ባለታክሲ በ1976 የተሠራች አንዲት 240 ዲ 4.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነድቷታል። ሞተር እያወረደ፣ እየቀያየረ፣ እየጠገነ ነው። ያ ርቀት ጨረቃ ድረስ ስድስት ጊዜ ደርሶ መልስ ነው። በ2004 መኪናዋን ለኩባንያው አስረከበ፤ ስቱትጋርት ሙዚየም ገባች። ባለጠጋ የነዳት መኪና እንዲህ ያለ ምስክርነት ሊሰጥ አይችልም። ቅዳሜና እሁድ ብቻ የምትወጣ መኪና ምንዋ ይፈተናል?

ሐኪሙ፣ ዳኛው፣ ሚኒስትሩ መርሰዲስ የገዙት ለምን ይመስላችኋል? ከአውሮፕላን ወርደው የተሳፈሩበት ታክሲ መርሰዲስ ስለነበረ ነው። ቆጣሪው 300,000 ኪሎ ሜትር አልፏል። በሩ ግን ሲዘጋ አሁንም ድም ይላል። ወንበሩ አልሰጠመም። ሹፌሩን "እንዴት ናት?" ሲሉት "አታስቸግርም" ይላቸዋል። ኮከቧን ከየትኛውም ማስታወቂያ በላይ የሸጠላት ይህ ምስክርነት ነው። ክብሯ ከታች ወደ ላይ ወጣ እንጂ ከላይ ወደ ታች አልወረደም።

ኤ-ክላስ "ስም አበላሸች" ለሚሉትም መልስ አለኝ። በ1997 ስዊድን ውስጥ የመኪና ጋዜጠኞች ድንገተኛ ማምለጥን ሲሞክሩባት ተገለበጠች። ትልቅ ውርደት ነበር። ኩባንያው ምን አደረገ? ሽያጩን አቆመ። ከሁለት ዓመት በፊት ውዱ ኤስ 600 ኩፔ ላይ የጀመረውን መንሸራተት የሚቆጣጠረውን ኢኤስፒ ወስዶ ለሁሉም ኤ-ክላስ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ገጠመላቸው። የትልቅ ሰው መኪና ብቻ የነበረው መሣሪያ ወደ ትንሿ ወረደ። ሌሎች አምራቾችም ዝም ማለት አልቻሉም። በ2014 የአውሮፓ ሕብረት ለአዲስ መኪኖች ሁሉ ግዴታ አደረገው። ስንት ሕይወት እንደተረፈ አስቡት። ይህችን መኪና ነው "ስም አበላሸች" የሚሏት። ስም ያቆመች መኪና ናት!

አንድ ነገር ልቀበል። ትንሽ መኪና ጀርመን ውስጥ ሠርቶ ማትረፍ ከባድ ነው። ደመወዙ ውድ ነው፤ ኤሌክትሪኩም እንዲሁ። ቻይናዎቹም ቆርጠው መጥተዋል። እሺ። ግን ቅንጦቱስ አተረፈ? በ2024 የኩባንያው የተጣራ ትርፍ በ28 በመቶ ወርዶ 10.4 ቢሊዮን ዩሮ ሆነ። በጣም የወረደው ማን ነው? ያ ሁሉ ተስፋ የተጣለበት የላይኛው ምድብ፤ ሽያጩ በ14 በመቶ ቀነሰ። የቻይና ሀብታም ፊቱን ሲያዞር ሌላ የሚደገፉበት ምሰሶ አልነበራቸውም።

ደግሞም ይህ የመጀመሪያቸው አይደለም። ማይባክ የተባለውን የድሮ የቅንጦት መኪና በ2002 ለብቻው ስም አድርገው ከመቃብር አስነሱት። ሮልስ ሮይስን ይገዳደራል ተባለ። በአሥር ዓመት ውስጥ የሸጠው ሦስት ሺህ ገደማ ነው። ዘጉት። በዚያው ዘመን ላሜራው የሚዝገው ደብሊው 210 የተባለው ሞዴል ገበያ ላይ ነበር፤ ወጪ ቅነሳው የጎዳቸው ባለታክሲዎች ሲያማርሩ ሰሚ አላገኙም። አለቆቹ ስለ ሮልስ ሮይስ ሲያስቡ የዕለት እንጀራቸው የሆነው መኪና ዛገባቸው። ከዚያ ምን ተማሩ? በ2022 አሜሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪኖቻቸው ፈጠን እንዲሉ በዓመት 1,200 ዶላር ክፈሉ አሉ። ሞተሩ እዚያው ነው፣ ባትሪው እዚያው ነው። የተቆለፈውን መክፈቻ ነው የሚሸጡት። 240 ዲን የሠራ ቤት እዚህ መድረሱ ያሳፍራል።

የሚያናድደው፣ ሙያው አሁንም እጃቸው ላይ መኖሩ ነው። አዲሷ ኤሌክትሪክ ሲኤልኤ በአንድ ቻርጅ እስከ 792 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ተብሏል። ኤ-ክላስ የምትለቅላት ራሽታት ፋብሪካ ነው የምትሠራው። በ2025 ስትወጣ ግን ዋጋዋ ጀርመን ውስጥ ከ55,000 ዩሮ በላይ ነበር። በዚህ ዋጋ የቀን ሠራተኛ የሆነ ባለታክሲ አይደርስባትም። ለሱ ብለው ቀለል ያለችውን ያውጡለት። ስክሪኑን ይቀንሱ። ወንበሩን የሚታጠብ ያድርጉት። ባትሪው ሲደክም በክፍል በክፍል የሚጠገን ይሁን። ኮፈኑንም ይክፈቱት። ከዚያ ፍራንክፈርት፣ አቴንስና ሊዝበን ላሉ ባለታክሲዎች በሚችሉት ዋጋ አንድ ሺህ መኪና ያስረክቡ። ሁለት ሁለት ሹፌር ቀንና ሌሊት ይፈራረቅባቸው። ከአምስት ዓመት በኋላ ካሌኒየስ የቅንጦት ሪፖርታቸውን ትተው የነዚያን መኪኖች ኪሎ ሜትር ለባለአክሲዮኖቻቸው ያንብቡ።