በመጨረሻው ምዕራፍ ላይ አታስነሱት

ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ወጣቱ መልከ መልካም ነው፤ ሥራው የተሳካለት፣ ማንንም የማይለማመጥ። አንድ ቀን አደጋ ይደርስበትና አከርካሪው ይጎዳል። ከሆስፒታል የሚወጣው በዊልቸር ነው። መጋረጃውን ዘግቶ ይቀመጣል፣ ጠያቂ ሲመጣ ይቆጣል፣ እናቱን ያስለቅሳል። ከዚያ እሷ ትመጣለች። ትታገሠዋለች፣ ታስቀዋለች፣ ትወደዋለች። መጨረሻው ምዕራፍ ላይ የእግሩ ጣት ይንቀሳቀሳል። ቀስ ብሎም ይቆማል።

እኔ እንዲህ ያለውን የፍቅር ልብ ወለድ እወዳለሁ። የሚያነሳው ጥያቄ ከባድ ነውና። ክፉኛ የተጎዳ ሰው ሌሊት ብቻውን ሲሆን «ከእንግዲህ ማን ይፈልገኛል?» ይላል። ለዚህ ጥያቄ ሐኪም መልስ የለውም። ልብ ወለድ ግን ሊመልሰው ይችላል። ጀግናውን መጨረሻ ላይ የሚያስነሱት ደራሲዎች የሚያበሳጩኝም ለዚህ ነው። ጥያቄውን ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ ተሸክመው ይመጡና ልክ ሊመለስ ሲል ይሸሹታል። «ማን ይፈልገኛል?» ላለ ሰው «አይዞህ፣ ስትድን ትፈለጋለህ» ማለት መልስ አይደለም። እንዲያውም ፍርሃቱን ማረጋገጥ ነው።

ልማዱ የቆየ ነው። ቻርሎት ብሮንቴ እ.ኤ.አ. በ1847 ባሳተመችው «ጄን ኤር» ውስጥ ሮቸስተር በእሳት አደጋ ዓይኑን ያጣል፤ አንድ እጁም ይቆረጣል። ጄን ተመልሳ ታገባዋለች። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ዓይኑ ማየት ይጀምራል፤ የበኩር ልጁንም ለማየት ይበቃል። እጁ ግን እንደተቆረጠ ይቀራል። ደግሞም ጄን ያገባችው ገና ሳያይ ነው። የደራሲዋ ድፍረት ያለው እዚያ ላይ ነው። ከእሷ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ድፍረቱን ትተው ፈውሱን ብቻ ወሰዱ።

ሌላው መውጫ ሞት ነው። ጆጆ ሞይስ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣችው «ሚ ቢፎር ዩ» ውስጥ እጅና እግሩ የማይታዘዘው ወጣት ፍቅር ካገኘ በኋላም ሞትን ይመርጣል። በ2016 ፊልሙ ሲወጣ አካል ጉዳተኞች በአደባባይ ተቃወሙት። እኔ ቁጣቸው ይገባኛል። በዊልቸር እየሄደ ሥራ የሚሠራ፣ ትዳር ይዞ ልጅ የሚያሳድግ ሰው አለ። የእሱን የሚመስል ሕይወት ማብቃቱ የታላቅ ፍቅር ማሳያ ተደርጎ ሲቀርብለት ምን ይበል?

ወይ መዳን፣ ወይ መሞት። መሀል ያለው ሰፊው ነገር፣ እንደተጎዱ መኖር፣ የሚጽፈው አጣ።

ድሮ ለዚህ ምክንያት ነበረው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት አከርካሪያቸውን ከተመቱት ወታደሮች አብዛኞቹ ብዙ ሳይቆዩ ይሞቱ ነበር። ከጥይቱ የተረፈውን የአልጋ ቁስልና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይጨርሰዋል። ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ እንግሊዝ የገባው ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን እ.ኤ.አ. በ1944 በስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል የአከርካሪ ጉዳት ክፍል ከፈተ። ታካሚዎቹ ቀንም ሌሊትም በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጡ አደረገ። ሙያ እንዲማሩ፣ ስፖርት እንዲሠሩም ይወተውታቸው ነበር። በ1948 ባዘጋጀው የቀስት ውድድር ላይ 16 ሰዎች ተካፈሉ። የዛሬው ፓራሊምፒክ ሥሩ እዚያ ነው። ከዚያ ወዲህ አከርካሪያቸው የተጎዳ ሰዎች ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ። ያፈቅራሉ፣ ያገባሉ፣ ይጣላሉ፣ ይፋታሉ። ልብ ወለዱ ነው እስካሁን ያልደረሰባቸው።

ቢደርስባቸው ስንት የሚጻፍ ነገር ነበር! ከአልጋ ወደ ዊልቸር መዛወርን ብቻ እንይ። ወንበሩ አልጋው ጎን ይጠጋል፤ ፍሬኑ ይያዛል። የክንድ መደገፊያው ይወልቃል። የለሰለሰ ጣውላ አንዱ ጫፉ ከሰውየው ታፋ ሥር፣ ሌላው ጫፉ ወንበሩ ላይ ይሆናል። ከዚያ በሁለት እጅ ተደግፎ ሰውነትን ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ገፋ ማድረግ ነው። ጭንቅላት ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ዳሌ ወደ ሌላው ይሄዳል። መጀመሪያ ሰሞን ለዚህች ብቻ ላብ በላብ ይሆናል። የጠነከረ ክንድ ያለው ሰው ቆይቶ እያወራ ይሠራዋል።

አሁን የምትወደውን ሴት እዚህ ክፍል ውስጥ አስገቧት። ትርዳው ወይስ ትተወው? እጇን ብትዘረጋ ይናደዳል። ባትዘረጋ ይወድቅ ይሆናል። ዞር ብላ ስልኳን የምትነካካ ትመስላለች፤ ጆሮዋ ግን ጣውላው ላይ ነው። እሱም ይህን ያውቃል። ለእኔ ይህ በዝናብ ውስጥ ከሚደረግ መሳሳም ይበልጥብኛል።

ደራሲዎች የሚፈሩት ሌላም ነገር አለ። አስታማሚነትና ፍቅር በአንድ ቤት ውስጥ እንዴት አብረው ይኖራሉ? በብዙ መጽሐፎች ውስጥ ሴቲቱ ታጥበዋለች፣ ታለብሰዋለች፣ ታጎርሰዋለች፤ ይህ ሁሉ ሲሆን ፍቅሯ እየጨመረ ይሄዳል። እውነቱ እንዲህ ቀላል አይደለም። ጠዋት የሽንት ቱቦ የቀየረች እጅ ማታ በሌላ ስሜት መንካት ሊከብዳት ይችላል። እሱም እንደ በሽተኛ ሲገላበጥ ውሎ ማታ ወንድነቱን ከየት ያምጣው? ስለዚህ የሚችሉ ጥንዶች የማጠቡን ሥራ ለሌላ ሰው ይሰጣሉ፤ መዋደጃ ጊዜ ለማትረፍ። ይህ ስለ ፍቅር የተወሰነ ውሳኔ ነው። ክርክሩ፣ እንባው፣ «ሰለቸሁሽ እንዴ?» የሚለው ጥያቄ ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይወጣዋል።

ስለ መኝታ ጉዳይ ደግሞ ወይ ዝም ይባላል፣ ወይ ይዋሻል። አከርካሪው የተጎዳ ሰው ፍላጎቱ አብሮት አይሞትም። ከጉዳቱ በታች ስሜት ቢቀንስም ወይም ቢጠፋም አንገት፣ ጆሮ ሥር፣ ትከሻ ለአንዳንዱ ከቀድሞው ይበልጥ ይነቃል። አከርካሪዋ የተጎዳ ሴት ማርገዝና መውለድ ትችላለች። ወንዱም ብዙ ጊዜ በሕክምና እገዛ አባት ሊሆን ይችላል። ግን ሰውነቱን ራሱ እንደ አዲስ መማር አለበት፤ ከዚያ ደግሞ ለሌላ ሰው ማስተማር። «እዚህ ይሰማኛል። እዚህ አይሰማኝም። እዚህ ያመኛል።» እግሩ የተቆረጠ ሰው ደግሞ የሌለው እግሩ ሌሊት ሊያመው ይችላል፤ ሕመሙም እውነተኛ ነው። አጠገቡ የተኛችው ምኑን ትሽለት? ለአፍቃሪ ከዚህ የሚከብድ ጥያቄ አላውቅም።

ከሁሉም የጭንቅላት ጉዳት ይከብዳል። ሰውየው መልኩ ያው ነው፣ ድምፁም ያው። ግን ቶሎ ይቆጣል፣ ቶሎ ይደክመዋል፣ ትናንት ያወሩትን ይረሳል። ሚስቱ በሕይወት ላለ ባል ታዝናለች። ለቅሶ የሚደርሳት ግን የለም። «እንኳን ተረፈልሽ» ነው የምትባለው። አሜሪካዊቷ ምሁር ፖሊን ቦስ ሰው በአካል እያለ የሚታዘንለትን ይህን ዓይነት ሐዘን እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምራ አጥንታዋለች። እዚህ ጋ የፍቅር ታሪኩ እንደ አዲስ መተዋወቅ ይሆናል። የቀድሞው ሰው ላይመለስ ይችላል። ይሄኛውንስ ትወደዋለች? ባትወደውስ? ትታ የምትሄድ ሴት ሁሌ ክፉ ገጸ ባሕርይ መሆን የለባትም። አንዳንዷ አቅሟ እስኪያልቅ ቆይታ ነው የምትሄደው፤ ደራሲ ይህን በርኅራኄ ቢጽፈው የምትቆየዋም ሴት ፍቅር የበለጠ ይታመናል።

ደግሞ ለምንድነው የሚጎዳው ሁልጊዜ ወንድ የሚሆነው? እኔ ካነበብኳቸው በአብዛኞቹ እሱ ይጎዳል፣ እሷ ታስታምማለች። ፊቷ የተቃጠለ ሴትን አስቡ። ጠባሳው እንዳያብጥ የሚጫን ጭምብል በቀን እስከ 23 ሰዓት፣ ለብዙ ወራት ታደርጋለች። የሚወልቀው ለመታጠቢያና ለቅባት ነው። ያችን አንዲት ሰዓት ለማን ታካፍላለች? ለማንም ባትሰጥስ? የሚወዳት ሰው ጠባሳውን ማሸት ከፊዚዮቴራፒስቷ ቢማር፣ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ ቤት ቢውል፣ ጓደኞቹ «ምን ነካው?» ቢሉስ? ወንድ አስታማሚ ሆኖ፣ ደክሞት፣ ተሳስቶ፣ ተቆጥቶ፣ ግን ሳይሄድ የሚቀርበትን የፍቅር ልብ ወለድ ማንበብ እፈልጋለሁ። የምትጽፉ ካላችሁ፣ መጀመሪያ በዚህ ያለፉትን ሰዎች ጠይቁ። ረቂቁንም ከሁሉ በፊት ለእነሱ አስነብቡ።