ትንሽ ጨምርለት

ቴስተር (የቮልቴጅ መለኪያ) ሳይዝ ምክር የሚሰጥ ሰው ያበግነኛል። በተለይ «ትንሽ ጨምርለት» የሚል። ሰሞኑን እዚህ ሜሪላንድ፣ አንድ ወዳጃችን ቤዝመንት ውስጥ የቆመው አስትሮይድስ አስቸገረ። አታሪ በ1979 ያወጣው የጌም ማሽን ነው። ይበራል፣ ድንገት ይጠፋል፣ ደግሞ ራሱ ይነሳል። ወዲያው ከሶፋው ላይ ብይን ተሰጠ፤ «ቮልቴጅ አንሶት ነው፣ ትንሽ ጨምርለት!» ባለ ብይኑ ከተቀመጠበት አልተነሳም፣ ፈንዲሻውንም ከእጁ አላስቀመጠም።

መጨመሪያ እንዳለው አለው። በካቻቢቴ የምትዞር ሚጢጢ ነገር ናት። ቺፖቹ የተደረደሩበት የጌሙ ቦርድ የሚፈልገው 5 ቮልት ነው፤ ቺፖቹ ደህና የሚሠሩት ከ4.75 እስከ 5.25 ባለው ውስጥ ነው። ትንሽ ስታዞራት ጌሙ ነፍስ ይዘራል፣ ይጨበጨባል፣ ሰውዬውም «አላልኩህም?» ይላል። ይቺን «አላልኩህም» የምትባል ነገር እንዴት እንደምጠላት!

የጎደለው ቮልቴጅ ግን የት ገባ? ይህን የሚጠይቅ የለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚበላው ኮኔክተሩ፣ ሽቦውን ከቦርዱ ጋር የሚያገናኘው መሰኪያ ነው። ከ40 ዓመት በላይ የቆየ ፒን ይጠቁራል፣ ይላላል። 0.1 ኦም ብቻ ተቃውሞ ቢያበጅና 3 አምፔር ቢያልፍበት 0.3 ቮልት እዚያው ቀረ። 5 ሆኖ የወጣው 4.7 ሆኖ ይደርሳል። የቀረው ደግሞ ዝም ብሎ አይጠፋም፣ ሙቀት ሆኖ ያንኑ ፒን ይጠብሰዋል። ፕላስቲኩ መጀመሪያ ቡናማ ይሆናል፣ ከዚያ ከሰል። እንግዲህ በዚህ ላይ ነው ጨምርለት የሚባለው።

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚለውን ተረት በጣም እወደዋለሁ። የሚያናድደኝ አጠቃቀማችን ነው። መቼም ቢሆን «ቀድሞ» ላይ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። ድስቱ ሲያር ጠብቀው ነው አናትህ ላይ ቆመው የሚያዜሙልህ። እስኪ አንድ ሰው ሽንኩርቱ ሳይከተፍ ይተርትልኝ!

የድሮ አከራያችንም ችግሩን ሳያዩ መካሪ ነበሩ። አዲስ አበባ፣ ሰርቪስ ቤት ተከራይተን ሳለ፣ እትዬ ምጣዱን የሰኩ ዕለት አምፖላችን ሎሚ ይመስላል፣ የቲቪው ምስል ከአራቱም ጎን ይሸበሸባል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይጎትታል፤ እኛም ምጣዱም የተንጠለጠልነው ከቆጣሪው በመጣ አንድ ቀጭን ሽቦ ላይ ነው። አቤት ስንል «ቲቪያችሁ አርጅቷል ልጆቼ፣ ስታብላይዘር ግዙ» አሉን። ገዛን። ሌሊቱን ሙሉ ቀጭ ቀጭ ሲል ያድራል። ስታብላይዘርም ያው የ«ጨምርለት» ወገን ነው፤ ቮልቴጁን ከፍ ለማድረግ ከዚያው ከቀጭኑ ሽቦ ተጨማሪ ከረንት ይስባል። በወሩ መጨረሻ መብራት በዛ ተብሎ ኪራይ ላይ ተጨመረብን። እንጀራውን የጋገርነው እኛ ነን እንዴ? እስከ ዛሬ አልበረደልኝም። ሽቦው ይቀየር ያለ አንድም ሽማግሌ አልነበረም፤ ሁሉም ያስታረቀን «አንተም ትንሽ ቻል» እያለ ነው።

ወደ ማሽኑ እንመለስ፣ ቡናውም ሊበርድ ነው። አታሪዎች ጎበዞች ናቸው፤ ቮልቴጁን የሚያስተካክለው ቦርድ ጌሙ ጋ የደረሰውን የምታሳውቀው ሽቦ አለችው። እዚያ ሲያንስ እዚህ ይጨምራል። ስለዚህ ኮኔክተሩ እያረረም ጌሙ ላይ ቆንጆ 5 ልታነብ ትችላለህ፣ መነሻው ላይ ግን 5.5 ደርሷል። ልዩነቱን የምታገኘው ማሽኑ በርቶ እያለ ሁለቱንም ጫፍ ስትለካ ብቻ ነው፤ እጅህን ደግሞ ወደ ሞኒተሩ እንዳትሰድ፣ ከተነቀለ በኋላም ይመታል። ከዚያ አጥፍተህ፣ ነቅለህ፣ የሚጸዳውን ፒን በአልኮል ጥረግ፣ የጠቆረውን ቀይር። ትልቁን ሰማያዊ ካፓሲተርም (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመውን) እየው፣ እሱም እንደኛው አርጅቷል። ይህ ሁሉ ተደርጎም 5 ካልሞላ፣ በቃ ያቺን ሚጢጢ መጨመሪያ አዙራት፤ ያኔ እኔም አልናገርም።