የዎከር ዘፈን፣ የቤኔት ኮርድ

ዝግ ያለ ብሉዝ የሚጫወት ባንድ «ስቶርሚ መንዴይ»ን አያጣውም። ዘፈኑ መድረክ ላይ ሲተዋወቅ ግን ሁለት ሰዎች ይዘለላሉ፦ ደራሲውና ዛሬ አብዛኛው ባንድ የሚጫወተውን ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ያስለመደው ጊታሪስት።

ደራሲው የቴክሳሱ ቲ-ቦን ዎከር ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ሆሊውድ ውስጥ ሲቀዳው ሙሉ ስሙ «ኮል ኢት ስቶርሚ መንዴይ፣ ባት ቱዝዴይ ኢዝ ጀስት አዝ ባድ» ነበር። የስሙ ርዝመት ትርፍ ሊመስል ይችላል፤ አይደለም። የጃዝ ሙዚቀኞቹ ኧርል ሃይንስና ቢሊ ኤክስታይን በ1942 «ስቶርሚ መንዴይ ብሉዝ» የተባለ ፈጽሞ ሌላ ዘፈን አውጥተው ነበር (የሚገርመው፣ በግጥሙ ውስጥ ሰኞም ማዕበልም አይነሳም)። ዘፋኙ ቦቢ ብላንድ በ1961 የዎከርን ዘፈን ደግሞ ሲቀዳ ዲስኩ ላይ የታተመው የዚያኛው ስም ሆነ። የደራሲ ክፍያ የተጻፈውን ስም ተከትሎ ነው የሚሄደው፤ ለዎከር የሚገባው ገንዘብም ወደ ሌላ ሄደ። የብላንድ ቅጂ በአር ኤንድ ቢ ሠንጠረዥ 5ኛ ደርሶ ነበርና የቀረበት ገንዘብ ትንሽ አይደለም።

ግጥሙ የደመወዝተኛ ሳምንት ነው። እስከ ሐሙስ እየከፋ ይሄዳል፤ አርብ «ንስሩ ይበራል»፣ ማለትም በዶላሩ ላይ ያለው ንስር፣ ደመወዝ ይከፈላል፤ ቅዳሜ ጭፈራ፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን።

ከዎከር ጊታር ብዙዎች የወሰዱት ያቺን ተንሸራታች ኮርድ ነው። የዘፈኑ መነሻ ድምፅ ጂ ከሆነ ሦስቱን ቀጫጭን ክሮች በአንድ ጣት 12ኛው ፍሬት (የጊታር አንገት ላይ ያለው ክፍል) ላይ ይዞ ወደ 10ኛው ማንሸራተት ነው፤ ሲክስ (6) የሚባለው ኮርድ ናይን (9) ወደሚባለው ይለወጣል። ወደ ሲ ሲዞር ያንኑ ከ5ኛው ወደ 3ኛው ፍሬት። እጁ ቀላል ነው፣ የሚያስቸግረው ጊዜው ነው። እያንዳንዱ ምት ለሦስት ይከፈላል፤ ድራመሩ ሦስቱንም በልቡ ካልቆጠረ ጊታሩ ቀድሞ ይደርስና ዘፈኑ ሳይታወቅ ይፈጥናል። የብሉዝ ጊታሪስቱ ቢ.ቢ. ኪንግ ኤሌክትሪክ ጊታር እንዲገዛ የገፋፋው ይህ የዎከር ዲስክ መሆኑን ተናግሯል።

በብላንድ ቅጂ ላይ ጊታሩን የያዘው ዌይን ቤኔት ነው። በጂ ብናስቀምጠው 7ኛው ባር (ዘፈኑ የሚቆጠርበት እኩል ክፍል) ከጂ ወደ ኤ ማይነር፣ ማለትም ሐዘን ወዳለው ኮርድ፣ ይወጣል፤ 8ኛው ቢ ማይነር ደርሶ በቢ ፍላት ማይነር ይወርዳል፤ 9ኛው ኤ ማይነር ላይ ያርፋል። ብዙ ባንድ የሚሰናከለው እዚህ ነው። ቤዚስቱ ጂ ላይ ከቆመ በቢ ፍላት ማይነር ውስጥ ያለው ዲ ፍላት ከጂው ጋር ይጋጫል፤ ስለዚህ ቤዙ ኮርዶቹን ተከትሎ መውጣትና መውረድ አለበት። ሶሎ የሚጫወተውም በዚያ ግማሽ ባር ላይ ቢን ይዞ ከቆየ ስህተቱ ወዲያው ይሰማል።

የሮክ ባንዱ ኦልማን ብራዘርስ በመጋቢት 1971 በኒውዮርኩ ፊልሞር ኢስት መድረክ ሲቀዱት ይህንን መወጣጫ ወሰዱና 10ኛው ባር ላይ ሲ ማይነር ጨመሩ። በእኔ ግምት ከዎከር ወዲህ ለዘፈኑ ከተጨመረው ሁሉ የተሻለው ይህ አንድ ባር ነው። ሦስት ደቂቃ ገደማ የነበረው ዘፈን በእነሱ እጅ ከስምንት ደቂቃ አለፈ። መሃሉ ላይ ኦርጋኑ ሲገባ ምቱ ወደ ቫልስ (በሦስት የሚቆጠር የዳንስ ምት) ይዞራል፤ ይህን ክፍል የሚቀዱ ባንዶች ጃዝ የለመደ ድራመር ከሌላቸው ቢተዉት ይሻላል። ሲመለሱ ስንተኛው ባር ላይ እንዳሉ ይጠፋባቸዋል።

የቅጂ መብት የሚጠብቀው በዋናነት ዜማና ግጥምን ነው፤ የኮርድ ቅደም ተከተል ብቻውን በአብዛኛው ባለቤት የለውም። ቤኔት የደራሲ ድርሻ የሌለው ለዚህ ነው፤ የተሳሳተ ርዕስ ማረም ለዎከር ይጠቅማል እንጂ ለእሱ ምንም አያመጣም። እንግዲህ ከቨር፣ ማለትም የሌላን ዘፈን ደግሞ ቀድቶ፣ የሚያወጣ ባንድ በርዕሱ ቦታ የዎከርን ረጅም ስም ሳያሳጥር፣ ከነደራሲው ይጻፍ። ከሥሩ ደግሞ ኮርዱ ከብላንድና ከቤኔት ቅጂ፣ 10ኛው ባር ከኦልማን ብራዘርስ መወሰዱን በአንድ መስመር ያስፍር።